ኦርጅናል፣ ኮፒ ወይስ «ኦርጅናል መሰል»? የጥንት ጠመንጃ እንደገና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሒሳብ

«ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2»ን የተጫወታችሁ «ካትልማን» የምትባለዋን ሽጉጥ ታውቋታላችሁ። ጌሙ ሲጀመር አርተር ሞርጋን ታጥቋት የሚመጣው እሷን ነው። «ካትልማን» ግን ጌም ውስጥ ብቻ ያለች ነገር አይደለችም። ኡበርቲ የሚባል የጣልያን ፋብሪካ በዚሁ ስም እውነተኛ ሽጉጥ ይሸጣል። እሷም ብትሆን የአሜሪካው ኮልት ኩባንያ በ1873 ያወጣት «ሲንግል አክሽን አርሚ» ቅጂ ናት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።)

በአጭሩ ኮፒ ናት። ግን እኛ የለመድነው ዓይነት ኮፒ አይደለችም። የስልካችሁ ስክሪን ሲሰበር ጠጋኙ «ኦርጅናል ላድርግልህ ወይስ ኮፒ?» ይላል አይደል? ኮፒው ይረክሳል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አለቀ። በጥንት ጠመንጃ ገበያ ግን ነገሩ ይጠማዘዛል። ኮፒው ከኦርጅናሉ የሚጠነክርበት ጊዜ አለ። ኦርጅናሉ ከኮፒው የሚረክስበት ጊዜ አለ። ኮፒው ኦርጅናሉን ከመጠን በላይ በመምሰሉ ራሱ ጣጣ የሚሆንበትም አለ። ከኢትዮጵያ የወጡ ጠመንጃዎችም ታሪኩ ውስጥ አሉበት፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ገዢው ማነው?

ኮልት ይህችን ሽጉጥ ከ1873 እስከ 1940 ድረስ ወደ 357 ሺህ የሚሆን ሠርቶ አቆመ። ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ነበር። ከዚያ በ1950ዎቹ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በካውቦይ ድራማ ተጥለቀለቀ፤ ሕዝቡም «ያቺን ሽጉጥ እንፈልጋለን» አለ። ኮልት ራሱ በ1956 ወደ ምርት ለመመለስ ተገደደ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865) መቶኛ ዓመት እየተቃረበ ነበር። ዩኒፎርም ለብሰው የድሮ ውጊያዎችን ሜዳ ላይ በትዕይንት የሚደግሙ ሰዎች በዙ። ለእነዚህ ሰዎች የ100 ዓመት ዕድሜ ያለው እውነተኛ ጠመንጃ ይዞ ጭቃ ውስጥ መንከባለል ኪሳራ ነው።

ቫል ፎርጌት የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ይህችን ክፍተት አያት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ሰሜን ጣልያን ሄዶ ብሬሻ አጠገብ ያሉ ባለሙያዎችን የኮልትን የ1851 «ኔቪ» ሽጉጥ እንዲሠሩለት አደረገ። የኩባንያውንም ስም «ኔቪ አርምስ» አለው። ከሠሪዎቹ አንዱ አልዶ ኡበርቲ ነበር፤ ፋብሪካውን በ1959 አቋቋመ። አካባቢው ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ይባላል። ቤሬታ ከ1526 ጀምሮ መሣሪያ የሚሠራበት ሸለቆ ነው፤ ብረት ማቅለጥና በርሜል መቦርቦር እዚያ የቤተሰብ ሙያ ነው። (ጋራዦቻችን «ቶርኖ» እና «ሞላ» የሚሉት ቃላትም ከጣልያን የመጡ መሆናቸውን ልብ በሉ።) ዛሬ ኡበርቲ፣ ፔደርሶሊ እና ፒየታ የሚባሉት ሦስቱ ትልልቅ የቅጂ አምራቾች ያሉት እዚያው ብሬሻ ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ዋጋው። ኮልት ራሱ የሚሠራት አዲስ «ሲንግል አክሽን» ወደ 2000 ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ትሸጣለች። የኡበርቲዋ በጥቂት መቶ ዶላር ትገኛለች። በ1870ዎቹ የተሠራች ጥሩ ኦርጅናል ደግሞ ዋጋዋ ከአሥር ሺዎች ዶላር ሊጀምር ይችላል። ቅጂ ሠሪው ሥራው ያለው በእነዚህ መሃል ነው። ዋጋውን ትንሽ ከፍ ካደረገ ገዢው «ጨምሬ ኮልት አልገዛም?» ይላል። ትንሽ ካወረደ ደግሞ ሽጉጧ መጫወቻ ትመስላለች።

ታዲያ ከምን ላይ ይቀንሳል?

ጨዋታው እዚህ ጋ ነው። ትልቁ ወጪ ብረቱ አይደለም። ዋናው የሰው እጅ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ክፍል በሞረድ እየተፋቀ ነበር የሚገጣጠመው። አሁን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ብረቱን ይቆርጣል፤ ሰው የሚነካው መጨረሻ ላይ ለመገጣጠምና ለማለስለስ ነው። ስለዚህ ርካሽና ውድ ቅጂን ለመለየት የማሽኑን ሥራ አትዩ፤ ማዕዘኖቹን እዩ። ኦርጅናል ኮልት ላይ ጠርዞቹ ስል ናቸው። ርካሽ ቅጂ ላይ በችኮላ በማለስለሻ ድንጋይ ስለሚታሽ ጠርዙ እንደተላሰ ከረሜላ ይሆናል።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ድሮ የሽጉጡን አካል ከአጥንትና ከእንጨት ከሰል ጋር ሳጥን ውስጥ አሽገው ያግሉትና ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ላዩ ይጠነክራል፣ ሰማያዊና ቡኒ ደመና የመሰለ ቀለምም ያወጣል። ጊዜና ልምድ ይፈልጋል። ዛሬ ብዙዎቹ ተመሳሳዩን መልክ በኬሚካል በፍጥነት ያወጡታል። ከሩቅ ያው ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ግን ልዩነቱ ይታያል። እንጨቱም እንደዚሁ ነው፤ የአሜሪካ ጥቁር ዋልነት ሰደፍ መሆን የነበረበት በአውሮፓ ዋልነት ወይም ከዚያም በረከሰ እንጨት ተሠርቶ ቀለም ይቀባል።

ሦስተኛውና ለእኔ በጣም የሚያስቀው «ያልነበረ ታሪክ» መፍጠር ነው። የኮልት የ1851 «ኔቪ» ስፋቱ .36 ነበር፣ አካሉም ብረት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ደቡቦቹ ብረት ስላጠራቸው አንዳንድ ፋብሪካዎቻቸው አካሉን ከናስ ሠሩት፤ ግሪስዎልድ እና ጋኒሰን የሚባለው ይታወቃል። እሱም ቢሆን .36 ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ርካሹ ቅጂ ግን በናስ አካል የተሠራ የ.44 «ኔቪ» ነው። እንዲህ ያለ ሽጉጥ በኮልት ፋብሪካ ታሪክ የለም። ከየት መጣ ታዲያ? ፋብሪካው ለ1860ው «አርሚ» ሞዴል የሚሆን የ.44 ሲሊንደር አስቀድሞ ይሠራል። የ1851ዱንም ስምንት ማዕዘን በርሜል ይሠራል። ሁለቱ የአካላቸው መጠን ስለሚቀራረብ ማጋጠም ይቻላል። ናስ ደግሞ ከብረት ለመሥራት ይቀላል። አዲስ ማሽን ሳይገዙ አዲስ ዕቃ ተገኘ! ጀማሪው ገዢም «.44 ይበልጣል» ብሎ ይገዛዋል። ናሱ ግን ለስላሳ ስለሆነ ባሩድ አብዝቶ የሚተኩስ ሰው ከጊዜ በኋላ አካሉ ተለጥጦ መንገጫገጭ ይጀምራል። ርካሽነቱ ራሱን ከፈለ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ገንዘብ ቢኖርም እንኳ እውነተኛ ማድረግ የማይቻልበት ቦታ አለ። በ1860ዎቹ የወጣውን «ሄንሪ» ጠመንጃ ውሰዱ። ኦርጅናሉ የተሠራው ወደ 14 ሺህ ገደማ ብቻ ስለሆነ ዛሬ ዋጋው አይቀመስም። ቅጂውን ኡበርቲ ይሠራል። ችግሩ ኦርጅናሉ የሚተኩሰው ጥይት ዛሬ ፋብሪካ የሚያመርተው አለመሆኑ ነው። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ደግሞ ማን ይገዛል? ስለዚህ ቅጂው ዛሬ ሱቅ ውስጥ በሚገኝ በሌላ ጥይት ነው የሚሠራው። ጥይቱ ረዘም ስለሚል የጠመንጃውም ሆድ በትንሹ ረዘም ማለት ነበረበት። የዊንቸስተር 1873ም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው በ.45 ኮልት ጥይት የሚሠራውን ይገዛል፤ ኦርጅናሉ ግን በዚያ ጥይት ተሠርቶ አያውቅም።

ሕጉም ያስገድዳል። በጣልያን ማንኛውም የሚተኩስ በርሜል ጋርዶኔ ባለው ብሔራዊ የመፈተሻ ተቋም ማለፍ አለበት። እዚያ ከተለመደው በላይ ኃይል ባለው ጥይት ይተኮሳል። ካልፈነዳ ማህተም ይመታበታል፣ የተፈተነበት ዓመት ምልክትም ይጨመራል። ለደኅንነት ድንቅ ነው፤ ለመልክ ግን ቅዠት ነው። የ1863 ወታደር ጠመንጃ ላይ የዘመኑ የጣልያን ማህተም ተደርድሮ ስታዩት አስቡት! አሜሪካም የራሷን ትጨምራለች፤ ከ1968 ወዲህ ባለው ሕግ ከውጭ የሚገባ ሽጉጥ የተወሰነ የደኅንነት መስፈርት ማሟላት አለበት። ለዚህ ነው ብዙ የጣልያን ካውቦይ ሽጉጦች ሲሊንደሩን የሚይዘው ዘንግ ረዝሞ የተሠራው፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገፋ መቺው ወደ ጥይቱ እንዳይደርስ ያግደዋል። ኦርጅናሉ ይህ የለውም። ኦርጅናሉ በስድስት ጥይት ከተሞላና መሬት ከወደቀ ሊተኩስ ስለሚችል የድሮ ሰዎች አንዱን ጉድጓድ ባዶ ትተው አምስት ብቻ ነበር የሚጎርሱት።

እዚህ ላይ ሩገር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሌላ መንገድ መረጠ። በ1950ዎቹ የካውቦይ መልክ ያላቸው ሽጉጦች አወጣ፤ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። ቶሎ የሚሰበረውን ጠፍጣፋ ሞላ አውጥቶ ጥቅልል ሞላ አስገባ፤ ብዙ ክፍሎችን በማፍሰስ ሠራ። በ1973 ደግሞ ሽጉጡ ቢወድቅም ቃታ ካልተሳበ እንዳይተኩስ የሚያደርግ ክፍል ጨመረበት። ጠንካራ፣ ርካሽ፣ አስተማማኝ። እንደገና ትዕይንት የሚሠሩት ሰዎች ግን አይቀበሉትም፤ «ካውቦይ የለበሰ ዘመናዊ ሽጉጥ» ነውና። ኡበርቲ ከብዙ ዓመት በኋላ መሃል መንገድ አገኘ። ከውጭ ምንም ሳይቀየር፣ የሚታወቁት አራቱ የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፆችም ሳይጠፉ፣ ውስጥ ያለው መቺ ሹል ብቻ ቃታ ካልተሳበ ወደ ኋላ እንዲገባ አደረገ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከታዩት መፍትሔዎች ብልጡ ይህ ነው፤ ገዢው የሚያየውና የሚሰማው አልተነካም።

ደግሞ ማንም ሰው የማይፈልገው እውነተኛነት አለ። በ1847 የወጣው «ዎከር ኮልት» እጅግ ትልቅ ሽጉጥ ነበር። በዚያ ዘመን ብረት ጥራት ምክንያት ብዙዎቹ ሲተኮሱ ሲሊንደራቸው ፈነዳ። የዛሬውን ቅጂ «ልክ እንደ ድሮው ብረት አድርገህ ሥራልኝ» የሚል ደንበኛ የለም። ሁሉም የሚፈልገው የ1847ን መልክ በዛሬ ብረት ነው።

ርካሽነት አደጋ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ። ገበያው ላይ በሕንድ የሚሠሩ በአፈሙዝ የሚጎረሱ የጥንት ጠመንጃዎች አሉ። ከፔደርሶሊ ጋር ስታነጻጽሯቸው ዋጋቸው በጣም ያነሰ ነው። ጣልያኖቹ የማይነኳቸውን ብዙ የማይሸጡ ሞዴሎችም ይሠራሉ፤ ለአንዳንድ የታሪክ ቡድኖች ብቸኛው አማራጭ እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ የሚላኩት «የማይተኩስ» ተብለው ነው፤ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚገባበት ቀዳዳ አይበሳም። ስለዚህ እንደ ጌጥ ዕቃ ያልፋሉ፣ በፍተሻም አያልፉም። ከዚያ ሻጩ ወይም ገዢው ራሱ ይበሳዋል። ያን ጊዜ ማንም ያልፈተነው በርሜል ፊታችሁ አጠገብ ባሩድ ይዞ ተቀመጠ ማለት ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ያለ ችግር ይተኩስባቸዋል፣ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በርሜል የግድ ይፈተን የሚል አገር አቀፍ ሕግ የለም፤ ስለዚህ ውሳኔው ገዢው ላይ ይወድቃል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በእንጨቱ ቀለም መደራደር ይቻላል። በርሜል ላይ አይቻልም።

ከላይኛው ጫፍ ደግሞ ዋጋን የረሱ አሉ። በእንግሊዝ በርሚንግሃም የነበረው ፓርከር ሄል የ1853ቱን «ኤንፊልድ» ሲሠራ በዘመኑ የነበሩትን የመለኪያ ናሙናዎች ተጠቅሟል። በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ጎድጓዳ መስመር እንኳ እንደ ድሮው ወደ አፈሙዙ ሲሄድ ጥልቀቱ እየቀነሰ እንዲሄድ አደረገው። ይህ በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ኢላማ ላይ ግን ይታወቃል። አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ያለው ሻይሎ ደግሞ «ሻርፕስ» ጠመንጃን በጥንቃቄ እየሠራ ከ2000 ዶላር በላይ ይሸጣል፤ ደንበኛውም ወረፋ ይጠብቃል። እነዚህ ብዙ አይሸጡም። ግን ሌሎቹ የሚለኩበት መስፈርት ሆነው ይኖራሉ።

አንዳንዱ ገዢ ደግሞ ርካሹን ገዝቶ ራሱ ያሻሽለዋል። የጣልያኑን ማህተም ይፍቃል፣ ሰደፉን ያቀጥናል፣ አብረቅራቂውን ቫርኒሽ አውጥቶ ዘይት ይቀባል። ይህንን በክፍያ የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። አንዳንድ አስመጪዎችማ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ያረጀ፣ የተላላጠ የሚመስል ሽጉጥ ያቀርባሉ፤ ዋጋውም ከአዲሱ ይበልጣል። ተቀዶ እንደሚሸጠው ጂንስ።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማህተሙ የተፋቀ፣ ቀለሙ ያረጀ፣ ቁጥሩ የተቀየረ ቅጂ ሦስተኛ ሰው እጅ ሲገባ ምንድን ነው? አንድ ኦርጅናል «ዎከር» በ2018 በጨረታ በ1 ሚሊዮን 840 ሺህ ዶላር ተሽጧል። የኡበርቲው ቅጂ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአጭበርባሪ ግብዣ ነው። ስለዚህ ትዕይንት የሚያሳዩትን የሚያናድደው ያ የጣልያን ማህተም ሰብሳቢዎችን የሚጠብቃቸው አጥር ነው። ለአንዱ እንከን የሆነው ለሌላው ዋስትና ነው፤ ፋብሪካው ሁለቱንም ማስደሰት አይችልም። አንዳንዶች ማህተሙን ከበርሜሉ ሥር፣ እንጨቱ በሚሸፍነው በኩል በማድረግ ያስታርቁታል። ስታፈቱት ታዩታላችሁ፣ ስትሰለፉ አይታይም።

አሁን ወደ እኛ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያሉ አስመጪዎች ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን በብዛት ሲሸጡ ቆይተዋል። የጣልያን ካርካኖ፣ የተለያዩ ማውዘሮች፣ አያቶቻችን «ውጅግራ» የሚሉት የፈረንሳይ ግራ ጭምር። ብዙዎቹ ሰደፋቸው የተሰነጠቀ፣ በሽቦና በቆርቆሮ የታሰረ፣ የዛጉ ናቸው። ዋጋቸው? ካርካኖውን በጥቂት መቶ ዶላር ማግኘት ይቻል ነበር። ምናልባት ማይጨው ላይ የተተኮሰ፣ ምናልባት ከአርበኛ እጅ ያለፈ እውነተኛ ጠመንጃ አዲስ ከወጣ የካውቦይ ኮፒ ረክሶ ተሸጠ ማለት ነው።

ለምን? ዋጋ የሚከፈለው ለዕድሜ ብቻ ስላልሆነ ነው። ካርካኖ በጣም ብዙ ስለተሠራ ብርቅ አይደለም፤ ሆሊውድም ጀግና አላደረገውም። ኮልትን ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲኒማው፣ አሁን ደግሞ ጌሙ በነፃ ሲያስተዋውቅለት ኖሯል። ፋብሪካ የትኛውን ጠመንጃ እንደገና ልሥራ ብሎ ሲወስን የሚያየው ይህንን ነው። ለውጅግራ ያን ያህል ጠያቂ ገበያ አልተፈጠረም፤ የካቲት 23 ሲደርስ አደባባይ የምናየው ናፍቆት ወደ ፋብሪካ ትዕዛዝ አልተቀየረም።

እኛም ጋ ቅጂ የለም አይባልም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው «ሴባስቶፖል» የመቅደላው መድፍ ቅጂ ነው። እሱ ግን አይተኩስም፤ ቅርጹ ከመሰለ ሥራው አለቀ። የበርሜል ፍተሻ የለ፣ የጥይት ጉዳይ የለ። የሚተኩስ ቅጂ ላይ ያለው ራስ ምታት ሁሉ የሚመጣው ከመተኮሱ ነው።

ውጭ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ፣ እንዲሁም በባሩድና በእርሳስ ከአፈሙዙ የሚጎረስ ቅጂ እንደ «ጥንታዊ» ስለሚታይ በብዙ ግዛቶች በፖስታ ሳይቀር ይገዛል። ያ ነፃነት ከአሜሪካ ድንበር ጋር ያበቃል። አገር ቤት የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው)። «ሬፕሊካ ነው ባክህ» ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ቦሌ እንዳትገኙ።

ስለ ካርካኖ ሳልነግራችሁ ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያን ለመውረር ከመጣው ከዚህ ጠመንጃ ዓይነት አንዳንዶቹ ላይ የተሠሩበት ቦታ ስም ታትሟል፤ «ጋርዶኔ» ይላል። ዛሬ ካትልማን የምትመረትበት ያው ሸለቆ ነው።